ብሎን መጋቢ ማሽን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ብሎኑን ለኩት

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረገፈ ብሎን፣ አጠገቡ ካቻቪቴ)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ያለሁት አዳማ ነው፣ ዲቫይደር የሚገጣጠምበት አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ። የልጅቷን እጅ እዩልኝ። ብሎን ከሳህኑ ታነሳለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ካቻቪቴው ጫፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ አንዱ ያመልጣትና ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች። ማሰሩ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ጊዜ የሚበላው ማንሳቱ ነው። አንድ ዲቫይደር 6 ብሎን ይፈልጋል፣ በቀን 600 ይሠራል እንበል። 3,600 ጊዜ ማንሳት ማለት ነው።

ብሎን መጋቢ የሚባለው ማሽን ይሄንን ማንሳት ይረከባል። ታዲያ ገዢው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ነው? በደቂቃ ስንት ያወጣል?" ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ካሊፐር አምጡ እላለሁ።

(ምስል፦ ብሎን በካሊፐር ሲለካ)

ለምን መሰላችሁ? አንደኛው ዓይነት መጋቢ ብሎኑን በጎማ ቱቦ ውስጥ በአየር ተኩሶ ካቻቪቴው ጋ ያደርሰዋል። ፈጣን ነው፣ ሠራተኛው ብሎን በእጁ አይነካም። ግን ብሎኑ ቱቦው ውስጥ መገልበጥ የለበትም። የዚህ ብሎን ጭንቅላት ስፋቱ 6 ሚሊ ገደማ ነው፣ ቁመቱ ከነጭንቅላቱ 14 ሚሊ። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይሄኛው ግን ጭንቅላቱም 8፣ ቁመቱም 8 ነው። ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይገለባበጥና መሃል ላይ ይሰነቀራል። ቁመቱ ከጭንቅላቱ ስፋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ካልሆነ ቱቦውን እርሱት።

አጭር ብሎን ላላቸው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ መጋቢ አለ። ብሎኖቹን በሐዲድ አሰልፎ አንድ በአንድ ያቀርባል፣ ሠራተኛዋ በማግኔት ጫፍ ታነሳለች። ርካሽ ነው፣ አየርም አይፈልግም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለብዙው ትንሽ ወርክሾፕ ይሄ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ፣ ብሎናችሁ የማይዝግ ብረት ከሆነ ማግኔት በደንብ ላይዘው ስለሚችል በቫክዩም መሳብ ሊያስፈልግ ይችላል።

ትልቁ ደግሞ የሚንቀጠቀጠው ሳህን ነው። ብሎኑ እየተንቀጠቀጠ ውስጡን በሚዞረው ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ ይወጣል፣ ተገልብጦ የመጣው ከመንገዱ ተመልሶ ሳህኑ ውስጥ ይወድቃል። ማየቱ ራሱ ደስ ይላል። ሳህኑን ግን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፣ ክብደቱ ንዝረቱን ያፍነዋል። ከግማሽ በታች ይበቃል።

አሁን የኔን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ፣ ያገለገለ ሳህን በርካሽ አገኘሁ። ሻጩ "ሰካ ብቻ አድርገው" አለኝ። ሰካሁት። እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል፣ ብሎኑ ግን ንቅንቅ አይልም! ሁለት ቀን የኤሌክትሪክ ክፍሉን ስንፈታ ስንገጥም ከረምን። ለካ የተስተካከለው ለ60 ኸርዝ ፍሪኩዌንሲ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ መብራት፣ የእኛ መብራት ደግሞ 50። ሳህኑን የተሸከሙት ቅጠል ባሌስትራዎች የተመረጡት ለዚያ ንዝረት ነው። አንድ ቅጠል ብናወጣ ብሎኑ መውጣት ጀመረ። ስለዚህ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ያለውን ውሰዱ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ላይ ስትሆኑ ፍሪኩዌንሲው ይዋዥቃል፣ ያኔ ታመሰግኑኛላችሁ።

(ምስል፦ ኮምፕሬሰር፣ ከስሩ ውሃ ሲፈስስ)

አየር ለሚጠቀሙት ደግሞ ይሄ አለ። አዳማ ከባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ሐዋሳም እንደዚያው ናት። አየሩ ስስ ነው። ኮምፕሬሰሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለባሕር ጠለል የተሰላ ስለሆነ እዚህ ያን ያህል አያደርስም፣ ከፍ ያለውን ምረጡ። ቫክዩምም እንዲሁ ነው፣ የመሳብ ጉልበቱ የሚመጣው ከውጭው አየር ግፊት ስለሆነ እዚህ ይደክማል። ውሃ ማጣሪያም አትርሱ። እርጥብ አየር ቱቦው ውስጥ ገብቶ ከአቧራና ከብሎኑ ዘይት ጋር ሲላቆጥ እንደ ገንፎ ነው የሚሆነው። የአዳማን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም።

የብሎኑ ንጽሕና ግን ከሁሉም ይብሳል። ከገበያ የገዛችሁትን ከረጢት ነጭ ጨርቅ ላይ ገልብጡት። ጥርሱ ያልወጣለት፣ ጭንቅላቱ የተጣመመ፣ ዋሸር የተቀላቀለበት፣ የብረት ፍቅፋቂ፣ ሁሉንም ታገኛላችሁ። እጅ ያንን እያየ ይጥለዋል፣ ማሽን ግን አያይም። ከሺህ አንድ መጥፎ ካለ፣ ከ3,600ው ሦስት አራት ጊዜ መስመሩ ይቆማል። ርካሽ ብሎን ገዝቶ ውድ ማሽን ማቆም ያሳዝናል።

እና ከመክፈላችሁ በፊት፣ ከምትጠቀሙበት ከዚያው ከረጢት አንድ ኪሎ ብሎን ለአቅራቢው ላኩለት። የራሱን ያማረ ናሙና አይደለም፣ የእናንተን። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ አሂዶ ቪዲዮውን ይላክላችሁ። ስንት ጊዜ እንደተሰነቀረ ቁጠሩ። መለዋወጫ ቱቦና የካቻቪቴ ጫፍም አብራችሁ እዘዙ፣ በኋላ ለአንድ ቱቦ ብላችሁ ሞጆ ደረቅ ወደብ እንዳትመላለሱ።