የሲሪየስ ጎረቤት አዳራ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አብዛኞቻችሁ የሌሊቱን ሰማይ እጅግ ደማቅ ኮከብ፣ ሲሪየስን፣ ለማየት እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ታያላችሁ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ጎረቤቷ ላወራ ነው።

እስቲ እጃችሁን ዘርጉና ጨብጡ። ከሲሪየስ ወደ ደቡብ፣ ከአንድ ጭብጥ ትንሽ አለፍ ብላ ወደ ሰማያዊ የምታደላ ነጭ ኮከብ አለች። አዳራ ትባላለች። ሁለቱም በታላቁ ውሻ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ናቸው። በድምቀት ተራ ስናወጣ አዳራ የመጀመሪያዎቹ 20 ውስጥ እንኳ አትገባም።

ይሄ ተራ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳስታል። ሲሪየስ ያለችው 8.6 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ነው፤ ደጃችን በሉት። አዳራ 430 ገደማ ላይ ናት። 50 እጥፍ ትርቃለች ማለት ነው። ርቀት በ50 እጥፍ ሲጨምር ብርሃን በ2,500 ይቀንሳል። ስለዚህ አዳራን አምጥተን ሲሪየስ ቦታ ላይ ብናስቀምጣት ቬነስ አጠገቧ ትደበዝዛለች። ማታ ማታ በእሷ ብርሃን ጥላችንን እናይ ነበር።

ደግሞ ቀርባም ታውቃለች። ከዋክብት ይጓዛሉ። ከ4 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በፊት አዳራ 30 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ አልፋለች። ያኔ የሌሊቱ ሰማይ አንደኛ ኮከብ እሷ ነበረች፤ ከቬነስ ጋር ትፎካከር ነበር።

ክብደቷ ከፀሐይ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። የላይኛው ገጿ ሙቀት ከ20,000 ዲግሪ ያልፋል፤ የፀሐይ 5,500 ገደማ ነው። እንዲህ የጋለ ኮከብ ብዙውን ብርሃኑን የሚረጨው በአልትራቫዮሌት ነው። ዓይናችን ደግሞ እሱን አያይም። ከአልትራቫዮሌትም ኃይለኛውን ጨረር በከዋክብት መካከል ያለው ሃይድሮጅን ይውጠዋል። በአዳራ በኩል ግን ጋዙ እጅግ ስስ ስለሆነ ጨረሯ እኛ ጋ ይደርሳል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1992 ያመጠቀው ኢዩቪኢ የተባለ ሳተላይት ይህንን ጨረር ሲለካ፣ ከከዋክብት ሁሉ አንደኛ የወጣችው አዳራ ናት። ሲሪየስ አይደለችም!

አሁን ወደ ቴሌስኮፑ እንሂድ። አዳራ ብቻዋን አይደለችም። ጎኗ ላይ፣ በድምቀት 250 ጊዜ ገደማ የምታንስ ትንሽ ኮከብ ተለጥፋለች። የአዳራ ብርሃን ስለሚያጥበረብር ቶሎ ላትታያችሁ ትችላለች። አየሩ ረጋ እስኪል ዓይናችሁን አታንሱ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ከኋላ ቢያጉረመርም ችግር የለም፣ እኔ አስታግሰዋለሁ።