ሻጋታው ምን ሲበላ ፔኒሲሊን ይሠራል?

የተከበራችሁ መምህራን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

በ1941 የፔኒሲሊን ሥራ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ፒዮሪያ ከተማ ወደሚገኘው የግብርና ምርምር ላቦራቶሪ ሲደርስ፣ ተመራማሪዎቹ ቀድመው የለወጡት የሻጋታውን ምግብ ነበር። ከበቆሎ ስታርች ፋብሪካ የሚተርፈውን የበቆሎ ዝፍዝፍ ጨመሩበት። በቀድሞው ስኳር ፋንታም የወተቱን ስኳር፣ ላክቶስን፣ ሰጡት። ምርቱ በብዙ እጥፍ አደገ። ሻጋታው ያው፣ ጂኖቹም እነዚያው ነበሩ፤ የተለወጠው መሶቡ ነው።

ፔኒሲሊን ከሦስት አሚኖ አሲዶች ይጀምራል፦ ከአሚኖአዲፒክ አሲድ፣ ከሲስቴይንና ከቫሊን። አንደኛው ኢንዛይም ሦስቱን ያያይዛል፤ ሁለተኛው አጥፎ ቀለበት ይሠራባቸዋል፤ ሦስተኛው የጎን ሰንሰለቱን ይለውጣል። ፌኒል አሴቲክ አሲድ ከሰጠነው የሚወጣው ፔኒሲሊን ጂ ነው። የሦስቱ ኢንዛይሞች ጂኖች ተጎራብተው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ሆነው በተቃራኒ አቅጣጫ ይነበባሉ። ስለዚህ የሁለቱ መክፈቻና መዝጊያ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ውስጥ ነው፤ ፔኒሲሊን በሚሠራው ሌላ ሻጋታ፣ በአስፐርጊለስ ኒዱላንስ፣ ይህ ክፍተት 872 የዲኤንኤ ፊደላት ብቻ አሉት። ስለ ምግብ የሚመጣው መልእክት የሚደርሰው እዚያ ነው።

ከስኳር እንጀምር። ግሉኮስ በብዛት ሲኖር ሁለተኛው ጂን፣ አይፒኤንኤ፣ ግልባጩ (ጂኑ ሲነበብ የሚወጣው አርኤንኤ) ይቀንሳል። ክሪኤ የተባለው ፕሮቲን በግሉኮስ ጊዜ ብዙ ጂኖችን የሚዘጋ ስለሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን ይቀናናል። ነገር ግን ክሪኤ የተበላሸበት ሻጋታም በግሉኮስ ፊት ይህን ጂን ዝቅ ያደርጋል፤ ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው። ላክቶስ የተሻለው በዝግታ ስለሚፈርስ ነው። ለዚህም ነው የዛሬ ፋብሪካዎች ላክቶስን ትተው ግሉኮስን ራሱን ቀስ በቀስ እያንጠባጠቡ የሚመግቡት፤ በጋኑ ውስጥ የሚቀረው ስኳር ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። ከስኳሩ ዓይነት ይልቅ የሚቀርብበት ፍጥነት ይበልጣል።

የናይትሮጅን ምንጭ የሆነው አሞኒየምም ሲበዛ ጂኖቹን ይጨቁናል። በፋብሪካዎቹ ሻጋታ፣ በፔኒሲሊየም ክሪሶጀነም፣ የናይትሮጅን ተቆጣጣሪው ፕሮቲን በዚያው ክፍተት ውስጥ ካሉ ምልክቶች ጋር ይጣበቃል። ላይሲን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አሚኖአዲፒክ አሲድ ሻጋታው ላይሲን ሲሠራ የሚያልፍበት ጣቢያ ነው፤ ላይሲን ሲትረፈረፍ የመንገዱ የመጀመሪያ ኢንዛይም ይታገድና ጥሬ ዕቃው ያጥራል። የፔኒሲሊን ጂኖች እየተነበቡ እንኳ ምርቱ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። በእርሾ ጭማቂ የበለጸገ ምግብ የምትጠቀሙ ይህን አስቡበት።

አሁን ብዙ ሙከራ ወደሚበላሽበት ነጥብ እንምጣ፤ ወደ ፒኤች፣ ማለትም ወደ አሲድነትና አልካሊነት መለኪያ። በአስፐርጊለስ ኒዱላንስ ፓክሲ የሚባል ፕሮቲን አካባቢው አልካሊ ሲሆን ተቆርጦ አጭር ይሆናል፣ አይፒኤንኤ ደጃፍ ላይ ይጣበቃል፣ ጂኑንም ይከፍታል። ይህ ትእዛዝ የስኳሩን ጭቆና እስከ መሻር ይደርሳል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ሻጋታ አሞኒየም ሲወስድ አሲድ ይተፋል፣ ሌላውን የናይትሮጅን ምንጭ፣ ናይትሬትን፣ ሲወስድ ደግሞ ፒኤቹ ወደ ላይ ይሄዳል። በግሉኮስ ፈጥኖ ሲያድግም ምግቡን ያኮመጥጣል። አሞኒየምንና ናይትሬትን አወዳድሮ «ናይትሮጅኑ ጂኑን ዘጋው» የሚል ሰው የለካው ፒኤችን ሊሆን ይችላል። በእኔ አስተያየት በየናሙናው ፒኤቹ ያልተመዘገበለት እንዲህ ያለ ውጤት መታመን የለበትም።

ስለዚህ ሙከራውን እንዲህ ሥሩት። በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ 50 ሚሊ ሊትር ምግብ ብቻ ጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ከሞላ ኦክስጅን ያጥረዋል። በሚሊ ሊትር አንድ ሚሊዮን ያህል ስፖር ዝሩና በ25 ዲግሪ፣ በደቂቃ 200 ዙር እያንቀሳቀሳችሁ ለ24 ሰዓት በግሉኮስ አሳድጉ። ከዚያ አጣሩት፣ ስኳር በሌለው ምግብ እጠቡት፣ እኩል ክብደት ለሁለት ክፈሉ፤ ግማሹ ወደ 3 በመቶ ግሉኮስ፣ ግማሹ ወደ 3 በመቶ ላክቶስ ይግባ። ሁለቱም ፒኤቹን ባለበት የሚያቆይ 0.1 ሞላር የፎስፌት መጠበቂያ ይኑራቸው፤ ፒኤቹ 6.8 ይሁን። ስኳሩን ከአሚኖ አሲዶቹ ለይታችሁ በእንፋሎት አምክኑት፤ አንድ ላይ ከፈላ ይጠቁራል፣ ምግቡም ሌላ ምግብ ይሆናል። ፌኒል አሴቲክ አሲድ ከጨመራችሁ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አስተካክላችሁ ከ0.1 በመቶ ጀምሩ፤ ፒኤቹ ሲወርድ አሲዱ ወደ ሴሉ ዘልቆ ይመርዘዋል።

በ3፣ በ6፣ በ12 እና በ24 ሰዓት ናሙና ውሰዱ። የሻጋታውን ክር ወዲያው አጣርታችሁ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዙ፤ ማጣሪያው ላይ ደቂቃዎች ከቆየ ስኳር ስለሚያጣ ግልባጩ ይለወጣል። ከማጣሪያው ባለፈው ፈሳሽ ደግሞ የቀረውን ግሉኮስና ፒኤች ለኩ። ግሉኮሱ በ24 ሰዓት ካለቀ፣ ያ ናሙና የግሉኮስ ናሙና መሆኑ ቀርቷል።

ፔኒሲሊኑን የምትለኩት ማይክሮኮከስ ሉቲየስ የሚባል ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር (የባክቴሪያ ማብቀያ ጄል) ላይ በሚታየው ንጹሕ ክብ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ናሙና ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰው ኢንዛይም፣ ፔኒሲሊኔዝ፣ የተጨመረበት ጥንድ አስቀምጡ። ኢንዛይሙ ገብቶም ክቡ ካልጠፋ፣ ባክቴሪያውን ያቆመው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ አሲድ። ውጤቱንም በደረቅ ክብደት አካፍሉ፤ በግሉኮስ ያደገው ክር ስለሚበዛ በሊትር ብቻ የተጻፈ ቁጥር ጭቆናውን ይሸፍነዋል።

አመሰግናለሁ።