ጆሮ የሚሠራበት ቅዳሜና እሁድ

ክቡራትና ክቡራን፣ የንባብና የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ለነገና ለከነገ ወዲያ የምንመክራችሁ ጥቂት ነገር ነው። ረጅም ዝርዝር የያዘ ሰው እሁድ ማታ ሁሉን ጀምሮ አንዱንም ሳይጨርስ ይቀራል። የመረጥናቸው ሁሉ ጆሮን የሚያሠሩ ናቸው።

ከንባብ እንነሣ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ነገ ጠዋት አንድ ምዕራፍ ብቻ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ከዚያ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ያንኑ ክፍል አዳምጡ። መጽሐፉን ገልጣችሁ፣ ትንፋሽ የወሰደበትን ሁሉ በእርሳስ ጫር አድርጉ። ጭረቱ ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ያልገጠመበትን ቦታ ደግማችሁ አንብቡት፤ የትረካ ጥበብ ያለው እዚያ ነው።

ለማታው የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንመክራለን። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1976 የወጣ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚወስድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ጆሮ የሚይዘው ሌላውን ድምፅ ነው፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሆንም፤ ጥሩ ማዳመጫ ያስፈልጋል።

እሁድ የክራር ነው። ስድስቱን አውታሮች በስልክ መቃኛ አፕ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እና ላይኛው ዶ አድርጉ፤ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ይሆናል። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ብታወርዱ ትዝታ ማይነር ይወጣል። አሁን ምንም ሳትነኩ ዜማውን ዶ ላይ ማሳረፍ ትታችሁ ሶል ላይ አሳርፉት። አምባሰል የሚባለውን ቅኝት ታገኛላችሁ! አምስቱ ድምፆች ያው ናቸው፤ የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው። ይህን በንግግር ከማስረዳት አንድ ጊዜ መስማት ይሻላል፤ ስለ ቅኝት ከተጻፈው ብዙ ነገርም የበለጠ ያስተምራል።

ጀማሪን የሚያስቸግረው አንዱን አውታር ቃኝቶ ሲጨርስ ሌላው መውረዱ ነው። አውታሮቹ አንድ ቀንበርና አንድ ቆዳ ስለሚጋሩ የአንዱ ውጥረት ሌላውን ይነካል። ስለዚህ ስድስቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ መልሱ። ድምፅ ስታወርዱ ደግሞ ከሚፈለገው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ላይ እያጠበቃችሁ ድረሱበት፤ በማላላት የተቃኘ አውታር ሲመታ ይንሸራተታል። አዲስ የናይለን ክር ገና ስለሚለጠጥ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፤ ክራሩ ተበላሸ ብላችሁ አትስጉ። ክራር የሌለው በፒያኖ አፕ ይሞክር።

የመጨረሻው ሥራ ለትዝታው ስንኝ መቋጠር ነው። የሚስማማው ወል ቤት ነው፤ አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ፣ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም፣ ማለትም በአፍ ሲነገር የሚሰማ 6 የድምፅ ምት። ለማሳያ ያህል፦

ክረምቱ ሲወጣ አደይ ሲፈነዳ፣
ትዝታሽ ይመጣል እንደ ሩቅ እንግዳ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፊደል ይቆጥራል፤ መቆጠር ያለበት ግን በአፍ የሚሰማው ነው። «ሩቅ» ሁለት ፊደል ቢሆንም አንድ ቀለም ነው። «አደይ» ሦስት ፊደል፣ ሁለት ቀለም። «ይመጣል» አራት ፊደል፣ ሦስት ቀለም። እንግዲህ «እንደ ሩቅ እንግዳ» ሁለት፣ አንድና ሦስት ሆኖ ስድስት ይሞላል። በጣታችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ ቁጠሩ።

ሁለት ስንኝ ሲሞላላችሁ በክራሩ ላይ ዝፈኑት። ድምፃችሁ አንድ ቦታ ላይ ከተጣደፈ እዚያ ሐረግ ውስጥ ቀለም በዝቷል ማለት ነው፤ ከተጎተተ ደግሞ ጎድሏል። ያን ጊዜ ቃሉን ለውጡ፤ ዜማውን አትንኩት።

እናመሰግናለን።