ባሕሩ በጉድጓድ በኩል ሲመጣ

ክቡራትና ክቡራን፣

ስለ ባሕር ጠለል ከፍታ ሲነሣ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ግዙፍ ማዕበል ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባሕር ከፍ ያለው በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስንዝር ቢሞላ ነው። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የብስ ላይ የተከማቸው በረዶም እየቀለጠ ይጨመርበታል። ስንዝር ማንን ይጎዳል ለሚል፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የደሴቶች አገር ቱቫሉን ልጥቀስለት።

በእነዚህ ዝቅተኛ ደሴቶች ወንዝ የለም። የዝናቡ ውኃ ወደ አሸዋው ይሰርግና፣ ከጨዋማው ስለሚቀል፣ ከሥር ባለው የባሕር ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ገበሬው እስከዚህ የዝናብ ውኃ ድረስ ጉድጓድ ቆፍሮ ፑላካ የሚባል የጎደሬ ዘመድ ይተክላል። ባሕሩ ከፍ ሲል፣ ይልቁንም ወጀብ ሲያሻግረው፣ ጨው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ቅጠሉ ይገረጣል፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ቤቱ እንደቆመ ነው። የሚበላውና የሚጠጣው ግን ተበላሽቷል። የጎርፍ ፎቶግራፍ ፍለጋ የሚመጣ የዜና ሰው ይህን አያየውም።

«ግንብ እንሥራ» የሚለው መልስ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው። ግንብ ከተማ ያድናል፤ ኔዘርላንድስ ምስክር ናት። እንደ ቱቫሉ ባለ፣ ከባሕር እንስሳት አጽም በተሠራና ውኃ በሚያሳልፍ የኮራል መሬት ላይ ግን ባሕሩ በሥር ዞሮ ይገባል። ማንግሮቭ የሚባለው በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ባለበት ደግሞ ግንቡ ራሱ ጉዳት ያመጣል። የማንግሮቭ ሥሮች ደለል እየያዙ መሬቱን ከፍ ያደርጉታል፤ ባሕሩ ከቀደማቸው ዛፎቹ በዘራቸው አማካይነት ቀስ እያሉ ወደ የብስ ያፈገፍጋሉ። ከኋላቸው ግንብ ወይም መንገድ ከጠበቃቸው መሄጃ የላቸውም። ዓሣው የሚያድግበት ጥላም፣ ወጀቡን የሚያበርደው አጥርም አብሮ ይጠፋል።

ብራምብል ኬይ በምትባል ትንሽ የአውስትራሊያ ደሴት ላይ ብቻ የምትገኝ የአይጥ ዝርያ ነበረች። የባሕር ውኃ ደሴቷን ደጋግሞ ሲያጥለቀልቅ የምትመገበው ተክል ተመናመነ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውስትራሊያ መንግሥት መጥፋቷን አስታወቀ።

ለሰው ግን መሄጃ ማዘጋጀት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከፓናማዋ ጋርዲ ሱግዱብ ደሴት ጉና የሚባለው የአገሬው ነባር ሕዝብ 300 ያህል ቤተሰቦች የብስ ላይ ወደተሠራላቸው መንደር ተዛወሩ። መነሻቸው የባሕሩ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ደሴቷ ጠባቸውም ነበር። ማኅበረሰቡ እንዛወር ብሎ መምከር ከጀመረ ያን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዕቅዱ በየጊዜው እየተጓተተ እዚያ ደረሰ። ከተዛወሩት ሌላ አንለቅም ብለው የቀሩም አሉ፤ መብታቸው ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ዕቅድ ለውሳኔ ሲቀርብላችሁ፣ የግንቡን ቁመት ከመጠየቃችሁ በፊት የመንደሩ ጉድጓዶች የጨው መጠን መቼ እንደተለካ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ሲሚንቶው ይቆይ፤ መጀመሪያ ጉድጓዱ ይለካ፣ ለሚፈልግም የመዛወሪያ መሬቱ ከነባለቤትነት ሰነዱ ከወዲሁ ይዘጋጅ።

አመሰግናለሁ።