መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ለማን?

በድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ለአንባቢያን ስብሰባ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ታላላቆቼ፣ ውድ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤

በዚህ ሙቀት፣ ያውም በበርጫ ሰዓት፣ ስለ ልብ ወለድ ለመነጋገር ከየቤታችሁ ወጥታችሁ ስለተሰበሰባችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ እንድናገር ሲጋብዙኝ ሃያሲ እንዳልሆንኩ፣ ዕድሜዬን በምድር ባቡር የሒሳብ ክፍል እንደጨረስኩ አስታውሻቸው ነበር፤ «የጠራንዎ ለዚሁ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ተራ አንባቢ ለተራ አንባቢ «ይህን አንብብ» ስለሚልበት ነገር እናገራለሁ፤ ጥቆማው እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚበላሽ፣ በተለይም በዚህች ከተማ ምን መምሰል እንዳለበት የማምንበትን አቀርባለሁ።

የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ከታተመ ወዲህ ብንቆጥር፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚህ ሁሉ ዘመን መጽሐፍን ከአንባቢው ጋር ሲያገናኝ የኖረው በአብዛኛው የሰው አፍ ነው። ጋዜጦች ስለ አዲስ መጽሐፍ የሚጽፉት አልፎ አልፎ ነው፤ የምረቃው ወሬም ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ አዳራሾች አያልፍም። ወደ እኛ የሚደርሰው አንድ ሻጭ በገዛ ገንዘቡ ጥቂት ቅጂዎች ገዝቶ፣ ቀድሞ በባቡር፣ ዛሬ በአውቶቡስ ሲያስጭን ነው። ያልተሸጠበትን የሚረከበው ስለሌለ፣ ደንበኞቹ ስሙን ያላነሡትን መጽሐፍ ለማምጣት አይደፍርም፤ በዚህም አይፈረድበትም። እንግዲህ በድሬዳዋ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን የሚወስነው «ያ መጽሐፍ መጣ ወይ?» እያለ የሚመላለሰው አንባቢ ነው፤ እሱ ደግሞ ስለ መጽሐፉ የሰማው ከሌላ አንባቢ ነው። ጥቆማችን ተራ ወሬ ሊመስለን ይችላል፤ የሻጩን ትእዛዝ የሚጽፈው ግን እሱ ነው።

የዚህን ጉልበት ለማየት ወደ 1975 ዓ.ም. መመለስ ይበቃል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በዚያ ዓመት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ስለ መጽሐፉ በአደባባይ የሚናገር ሰው አልነበረም። መጽሐፉ ግን ከሚታመን ሰው ወደሚታመን ሰው እየተላለፈ፣ ሌሊት እየተነበበ ማለዳ እየተመለሰ ዘለቀ። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ አንድን ልብ ወለድ መጠቆም ማለት ሰውን መምረጥ ማለት ነበር። አቀባዩ የተቀባዩን ጠባይ፣ ምስጢር መያዙን፣ ከዚያም አልፎ መጽሐፉን በቀጠሮው መመለሱን መዝኖ ነው እጁን የሚዘረጋው። ፍርሃቱን የሚናፍቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከማቀበል በፊት የተቀባዩን ፊት የማየት ልማድ ግን ከፍርሃቱ ጋር አብሮ መጣል አልነበረበትም።

በዚያው ዘመን ነቢይ መኮንን በማዕከላዊ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚሼልን ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መለሰው፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። በ1936 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርክ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ለኢትዮጵያ እስረኛ ምን ይፈይዳል ቢባል መልሱ ከሩቅ አይታይም። ተርጓሚው ግን አንባቢዎቹን ያውቃቸዋል፤ የሚያድሩት አጠገቡ ነው። የትኛው ታሪክ ለየትኛው ሰው በየትኛው ሰዓት እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው የሠራው ሥራ ስለሆነ ነው፣ ከእስር ቤት ወጥቶም በብዙ ቤት የተነበበው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። «አቦ አንብበው፣ አሪፍ ነው!» የሚለው የድሬ ልጅ ጥቆማ ፍቅር አለበት፤ እኔም እወደዋለሁ። የሚጎድለው ለማን የሚለው ነው። ማንኛውም ልብ ወለድ ለሁሉም ሰው በሁሉም ጊዜ አሪፍ ሊሆን አይችልም፤ በሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ፣ ጡረታ የወጣ እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ ከመጽሐፍ የሚፈልጉት አንድ አይደለም። በድሬዳዋ ደግሞ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ከሳቢያን ተነሥቶ መጋላ እስኪደርስ ድረስ በአንድ ባጃጅ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚሰማበት ከተማ ነው። ከመካከላችን አማርኛን በእናቱ ጉያ የሰማ አለ፤ በትምህርት ቤት ወይም በመንደር ጨዋታ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው አድርጎ የያዘም አለ። ሁለቱም አንባቢዎች ናቸው፤ የሚደናቀፉበት ገጽ ግን ይለያያል።

በምሳሌ ላስረዳ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ «ያላነበበው ሰው ምን አነበበ?» እየተባለ ይጠቆማል። እንዲህ ያለው ጥቆማ ለአዲስ አንባቢ እንደ ዕዳ ነው የሚሰማው። የቆሎ ተማሪ አይቶ የማያውቅ፣ የጎጃምን የቤተ ክህነት ኑሮ የማያውቅ የገንደ ቆሬ ወጣት «የፍቅር ታሪክ ነው» ተብሎ መጽሐፉን ይከፍተዋል፤ ፍቅረኞቹን ሲጠብቅ የሚያገኘው የልጁን ወላጆች፣ ቦጋለንና ውድነሽን ነው። ሰብለ ወንጌል ከመምጣቷ በፊት መጽሐፉን ያጥፈዋል፤ ከዚያም ስንፍናውን በራሱ ላይ ያደርጋል። ጥፋቱ የጠቋሚው ነው።

እኔ ብጠቁመው እንዲህ እለዋለሁ፦ «መጀመሪያው ቀስ ይላል፤ ግን ስእለቱን ልብ በል። በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ መሆኑ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያከብደዋል። የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት ስታነብ ከመቆጣትህ በፊት መሳቅህ አይቀርም። ጉዱ ካሳ ሲናገር ደግሞ አትቸኩል፤ የመጽሐፉ ክርክር ያለው እሱ ዘንድ ነው።» በዚህ መጨረሻው አልተነገረም፤ መቼም ርእሱ ራሱ ከተናገረው በላይ ምንም አልጨመርኩም። እንዲህ ተነግሮት መጽሐፉን የጨረሰ ሶማሊኛ ተናጋሪ ወጣት ወዳጄ ሲመልስልኝ ስለ ፍቅሩ ብዙ አላወራም፤ ስለ ዘር ቆጠራው ነበር ያወራው፤ ፊታውራሪ መሸሻን የሚመስሉ ዘመዶች እንዳሉት እየሳቀ ነገረኝ። ይህን አስተያየት ከየትኛውም ጎጃሜ አንባቢ አልሰማሁም። መጽሐፉን በሌላ በር ገብቶ ያነበበው ሰው ያየው ነገር ስለሆነ፣ አሁን ለሌሎች ስጠቁም የእሱንም እጨምርበታለሁ።

ስለዚህ መጽሐፍ ሳነሣ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት፣ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ያዳመጡ ብዙ የእኔ እኩዮች «አንብቤዋለሁ» ብለው ይምላሉ። ሬዲዮው መጽሐፉን ፊደል ላልቆጠረ ሰው ሁሉ አድርሷልና ውለታው ትልቅ ነው፤ የወጋየሁ ድምፅም እስከ ዛሬ በጆሯችን አለ። ሆኖም ሰምቶ የሚጠቁም ሰው «ሰማሁት» ቢል ምንም አይጎድልበትም። ሰሚው የሚያስታውሰው ድምፅን ነው፤ አንባቢው የሚገጥመው ረጅም ዓረፍተ ነገርን ነው፤ ሁለቱ ለሚጠቆምለት ሰው የተለያየ መረጃ ናቸው።

ታዋቂ ልብ ወለዶችን በተመለከተ ከአንዳንዶቻችሁ ጋር እንደማልስማማ አውቃለሁ። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ ወጣቶች ተሻሙበት፤ አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ደግሞ አፍንጫቸውን ነፉበት። እኔ ሁለቱንም ሰምቻለሁ፤ የተማሪዎቹ አስተያየት ይበልጥ ጠቅሞኛል። እነሱ «ምስጢር አለው፤ ያስሮጣል፤ የጣና ገዳማት አሉበት፤ ማስቀመጥ አቃተኝ» ይሉ ነበር። ይህ መግለጫ ነው፤ ሰምቶ ለእኔ ይሆናል ወይም አይሆንም ማለት ይቻላል። «ይህ ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ነው እንዴ?» የሚለው አነጋገር ግን ስለ መጽሐፉ ምንም አይነግረንም፤ የሚነግረን ስለ ተናጋሪው ብቻ ነው። አንድን ተማሪ በወደደው የመጀመሪያ መጽሐፍ የሚያሳፍር መምህር ሁለተኛውን የሚያቀብልበት ዕድል አይኖረውም። ያን ተማሪ «የወደድከው ጥድፊያውን ነው ወይስ ምስጢሩን?» ብሎ ጠይቆ፣ ጥድፊያው ከሆነ «ኦሮማይ»ን ቢሰጠው ግን፣ ልጁ የአሥመራውን ዘመቻ፣ ጋዜጠኛውን ጸጋዬንና ፊያሜታን ተከትሎ ሳያውቀው ወደ ሌላ ዓይነት ንባብ ይገባል።

ጀምረን ያልጨረስናቸው መጻሕፍትስ? የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. የወጣ፣ ሃያስያን በአድናቆት የሚያነሡት ሥራ ነው፤ የሸዋ ገጠር አነጋገርን ያለ ርኅራኄ ስለሚያፈስስ ጀምረው የተዉት ሰዎች ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች አፍረው ዝም ይላሉ። መናገር አለባቸው ባይ ነኝ። «አልጨረስኩትም» የሚል ሰው የት እንዳቆመና ምን እንዳስቆመው ከነገረን ከጨረሰው ሰው እኩል ይጠቅመናል፤ ምናልባትም አንዱ ከመካከላችን ተነሥቶ «እኔ ጮክ ብዬ ሳነበው ነው የተገለጠልኝ» ይለው ይሆናል። እኔ በበኩሌ መጽሐፉን የምጠቁመው ለቋንቋ ወዳጆች ብቻ ነው፤ ታሪክ ፈልጎ ለመጣ ሰው አልሰጠውም።

መጨረሻን ስለ መናገር ብዙ አልልም። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ምርቃናው ሲመጣ ልብ ወለዱን ከርእሱ እስከ ጀርባ ሽፋኑ ሳይተርክ እንደማይነሣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእንዲህ ያለ ተራኪ አጠገብ መቀመጥ የእናንተ ምርጫ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንዳንድ መጽሐፍ የሚወደሰው ደራሲው የአገር ልጅ፣ የሰፈር ልጅ ወይም የቋንቋችን ሰው ስለሆነ ብቻ ነው፤ አንዳንዱም በዚሁ ምክንያት ሳይገለጥ ይወገዛል። ለሰው መቆርቆር መልካም ነው፤ ለመጽሐፉ ሲባል ግን ወዳጅነቱን አስቀድሞ መናገር ይገባል። «ደራሲው ወዳጄ ነው፤ ስለዚህ ምስክርነቴን ቀንሳችሁ ስሙኝ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ግን በእውነት አሳቀኝ» ያለ ሰው በእኔ ዘንድ ተአማኒነቱ ይጨምራል። ደራሲዎችም እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ከተራ አንባቢ «ሴቲቱ ገጸ ባሕርይ አላሳመነችኝም» የሚል አስተያየት ስትሰሙ መጽሐፉን ነው የተናገረው፤ እናታችሁን አልሰደበም። አንባቢውም በበኩሉ መጽሐፉን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ከበተነ በኋላ ደራሲውን «ሁለተኛውን ክፍል መቼ ታወጣለህ?» ብሎ ባይጠይቅ ጨዋነት ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልግባ። ጎረቤታችን ሐረር በጁገል ውስጥ በሸሪፍ ሙዚየም የተሰበሰቡትን የእጅ ጽሑፎች ያየ ሰው፣ በእንዲህ ያሉ ጥንታዊ መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የባለቤትነትና የወቅፍ (ለሃይማኖታዊ አገልግሎት የመሰጠት) ማስታወሻ፣ አንዳንዴም የአንባቢ አስተያየት እንደሚገኝ ያውቃል። በብራና የግእዝ መጻሕፍትም እንዲሁ ነው። መጽሐፍ ይከራይ በነበረበት ጊዜም ወጣቶች ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ «በጣም ያስለቅሳል»፣ ከሥሩም በሌላ እስክሪብቶ «እኔን አላስለቀሰኝም» ተብሎ የተጻፈባቸው የኪራይ መጻሕፍት ብዙዎቻችን እጅ ገብተዋል። አከራዩ መጽሐፉ ተበላሸብኝ ብሎ ይቆጣ ነበር፤ ቀጣዩ ተከራይ ግን አስቀድሞ የሚያየው ያንን ገጽ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ከዛሬ ጀምሮ በመካከላችን በውሰት የሚዞር እያንዳንዱ ልብ ወለድ በጀርባው አንድ ባዶ ወረቀት ይለጠፍበት። ያነበበ ሰው ስሙን መጻፍ አይገደድም፤ ሥራውን ወይም ሰፈሩን፣ አማርኛ ስንተኛ ቋንቋው እንደሆነ፣ የት ላይ እንደዘገየ ወይም እንዳቆመ፣ መጽሐፉንም ለምን ዓይነት ሰው እንደሚሰጠው ይጻፍ። መጨረሻውን የጻፈ ሰው ወረቀቱ ይገለበጥበታል። ከሌላው የማይስማማ ከሥሩ ይጻፍ እንጂ የሌላውን አይሰርዝ። ያመጣሁት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂ እነሆ በጠረጴዛው ላይ ነው፤ ወረቀቱን ለጥፌ የራሴን ጽፌበታለሁ። መጀመሪያ የሚወስደው ሰው ከመካከላችን ያላነበበው ቢሆን እመርጣለሁ፤ ያነበባችሁት ደግሞ ስትወጡ በሩ ላይ መጨረሻውን እንዳትነግሩት አደራ።