ግማሹ ሐምራዊ የሆነ ፎቶ እንዴት ይታረማል?

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ውድ ተመልካቾች! ዛሬ የምናክመው የሠርግ ፎቶ ነው።

[ፎቶው በሙሉ ስክሪን]

ቦታው ባሕር ዳር፣ የጣና ዳርቻ። ከላይ ሰማዩ ሰማይ፣ ዘንባባው ዘንባባ ነው። ወደ ታች ስትወርዱ ግን በሙሽራይቱ ትከሻ በኩል አንድ መስመር ያልፋል። ከመስመሩ በታች ሙሽራው ሐምራዊ፣ ሚዜዎቹ ሐምራዊ፣ ሐይቁ ሐምራዊ፣ ኬኩ ሳይቀር ሐምራዊ! ባለቤቶቹ እንዲታይ ፈቅደዋል፤ ፊታቸውን ግን ሸፍነነዋል።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያይ እጁ የሚሮጠው በራሷ ወደምታስተካክለው ቁልፍ ነው። አትንኳት። አትንኳት የምለው ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ታንኳ ላይ እንውጣ።

የደንገል ታንኳ አይታችኋል አይደል? ከዘጌ በኩል እንጨት ተሸክሞ ወደ ከተማ የሚመጣውን ማለቴ ነው። ጭነቱ ወደ ቀኝ አጋደለ እንበል። ቀዛፊው ምን ያደርጋል? እንጨቱን ወደ ግራ ይመልሳል፣ ታንኳው ይቃናል። አንድም ፍልጥ አልጎደለም። አብዛኛው የቀለም መዛባት እንዲህ ነው፤ ጭነቱ አለ፣ አጋድሏል እንጂ አልጠፋም።

አሁን ደግሞ ከልክ በላይ አጋደለና ጥቂት እንጨት ሐይቅ ውስጥ ገባ እንበል። የቀረውን እንደ ፈለጋችሁ ደልድሉት። ታንኳው ይቃናል፤ የገባው እንጨት ግን ገብቷል።

ሦስተኛው ዓይነት ቀዛፊ ደግሞ አለ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። እንጨቱን መመለስ ይሰለቸውና በግራ በኩል ድንጋይ ይጭናል። ታንኳው ቀጥ አለ! ከዳር ቆሞ ለሚያይ ያማረ ነው። ደንገል ግን ውሃ ይጠጣል፤ በዚያ ላይ ድንጋይ ተጨምሮበት እንግዲህ እስከ ከተማ ድረስ ይቅናህ ነው የሚባለው። ቁልፏ የምትሠራው ልክ እንዲህ ነው። የፎቶውን ጠቅላላ ቀለም ታይና ሐምራዊ በዝቷል ብላ ፎቶው ላይ በሞላ አረንጓዴ ትጭናለች። ታችኛው ግማሽ በቅጡ ሳይድን፣ ጤነኛው ላይኛው ግማሽ ያለ ጥፋቱ አረንጓዴ ይሆናል። (ስለ ታንኳ ብቻ አንድ ሙሉ ቪዲዮ ሥራልን የምትሉ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ሰበብ እየፈለግሁ ነው።)

እሺ፣ ወደ ሥራው። ዲጂታል ፎቶ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 255 እንደሚቆጠር ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። ጄፔግ፣ ማለትም ይህ ፎቶ የተቀመጠበት የፋይል ዓይነት፣ ፎቶውን 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍለዋል። የካሬውን አማካይ ብርሃንና ቀለም ሲመዘግብ ሙሉ ቁጥሩን አይጽፍም፤ ከቀደመው ካሬ በስንት እንደሚለይ ብቻ ይጽፋል። ቦታ ለመቆጠብ ነው። ታዲያ ፋይሉ ውስጥ አንድ ቦታ ሲበላሽ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ካሬዎች ስሕተቱን እየተቀባበሉ እስከ ታች ይወርዳሉ። መስመሩ የመጣው ከዚህ ነው። ደግነቱ፣ እዚህ ፎቶ ላይ ስሕተቱ እስከ ታች ድረስ አንድ መጠን ነው። የተጨመረውን መቀነስ፣ የተቀነሰውን መጨመር ነው የቀረን።

በስንት? መልሱ እናቲቱ ትከሻ ላይ አለ።

[ነጠላው በቅርበት]

መስመሩ የሙሽራይቱን እናት ነጠላ ሰንጥቆ አልፏል፤ አንድ ነጠላ፣ ላዩ ነጭ፣ ታቹ ሐምራዊ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ የት ይገኛል? የቀለም መልቀሚያውን (የነካውን ነጥብ ቀለም በቁጥር የሚነግረውን መሣሪያ) ከመስመሩ በላይ አሳርፉ፤ ቀይ 200፣ አረንጓዴ 198፣ ሰማያዊ 194። እዚያው እጥፋት ላይ ከመስመሩ በታች ውረዱ፤ 242፣ 170፣ 229። ቀይ 42 ጨምሯል፣ አረንጓዴ 28 ጎድሏል፣ ሰማያዊ 35 ጨምሯል። ነጠላው ፍጹም ነጭ መሆን አይጠበቅበትም፤ ታቹ ላዩን ከመሰለ በቂ ነው።

ጊምፕን ክፈቱ፤ በነጻ የሚገኝ የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ነው። የተበላሸውን ክፍል ብቻ ምረጡና ሌቭልስ (የእያንዳንዱ ቀለም መጠን የሚስተካከልበት መስኮት) ውስጥ ግቡ። ቀይ ላይ የመግቢያውን ጥቁር 42፣ የመውጫውን ነጭ 213 አድርጉ። ሰማያዊ ላይ በዚያው ቅደም ተከተል 35 እና 220። አረንጓዴ ግልባጩ ነው፤ የመግቢያው ነጭ 227፣ የመውጫው ጥቁር 28። አለቀ። ከፈጠንኩባችሁ ቪዲዮውን መልሳችሁ ተመልከቱት፤ ቻናሉንም ይጠቅማል።

ፀሐይ የመታው የነጠላው ጫፍ ግን ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። እዚያ ቀዩና ሰማያዊው 255 ላይ ደርሰው ተቆርጠዋል፤ ከዚያ በላይ ስንት ሊሆኑ እንደ ነበር ፋይሉ ውስጥ የለም። ሐይቅ የገባው እንጨት ይህ ነው። ያን ቦታ ብቻ መርጣችሁ ቀለሙን አደብዝዙት፤ ነጭ ልብስ ስለ ሆነ ማንም ልብ አይለው።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ እንግባ። የጣናን ፎቶ ባረምሁ ቁጥር «ሐይቁን አጨቀየኸው፣ ሰማያዊ መሆን አለበት» የሚል አስተያየት ይጎርፋል። ወገኖቼ፣ ጣና ዳር ቆማችሁ ውሃውን በእፍኛችሁ ቅዱትና እዩት! ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ደለሉን ከሥር ያማስለዋል። በክረምት ደግሞ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። ከሩቅ ሰማያዊ ሆኖ የምታዩት አብዛኛውን የሰማዩን ነጸብራቅ ነው። ስለዚህ ሐይቅ የቀለም መለኪያ አይሆንም፤ በሰዓቱና በነፋሱ ይለዋወጣላ! «ሐይቁ ሰማያዊ እስኪሆን» ብላችሁ ቀዩን ስትቀንሱ የሙሽራው ፊት አመድ ይለብሳል። ሠርጉ የእሱ ነው ወይስ የሐይቁ? እኔ ፖስትካርድ አልሸጥም። ቡናማ ከሆነ ቡናማ ነው።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሥራው» ለምትሉም አጭር መልስ አለኝ። ያማረ ነገር ይሰጣችኋል፤ የጠፋውን ቀለም ግን የሚሞላው በግምት ነው። የእናቲቱ ጥለት አረንጓዴና ወርቃማ ነው። ፕሮግራሙ ቀይ ቢያደርገውና እናቲቱ ቢያዩት፣ መልሱን እናንተው ስጧቸው።

ዋናውን ፋይል ፈጽሞ አትንኩ፤ በቅጂው ላይ ሥሩ፣ ያረማችሁትንም ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በፒኤንጂ፣ አስቀምጡ። የካሜራው ካርድ አሁንም በእጃችሁ ካለ ደግሞ በሌላ ማንበቢያ እንደገና ቅዱት። የተበላሸው ቅጂው ብቻ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ የነጠላ ልኬት ሳታዩ ፎቶው ደኅና ሆኖ ይወጣል።

የቀረው መስመሩ ራሱ ነው። ቀርባችሁ ስታዩት እንደ ደረጃ የተሰበረ ነው፤ ከሥሩ ያለው ምስልም ትንሽ ወደ ጎን ተንሸራትቷል። የሙሽራይቱ ትከሻ ከክንዷ ጋር አልገጠመም። እሱን የምንገጥመው በሚቀጥለው ቪዲዮ ነው፤ ደወሏን ተጫኑ።