ኡቻሪ፦ ተረከዝ ገለባው ላይ ሲደርስ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቃል ነው። ኡቻሪ። «ቻ»ን ጠበቅ አድርጉልኝ።

ሥራ ያጣሁበት ሰሞን ነበር። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በስልኬ የጃፓኖችን ትግል፣ ሱሞን አያለሁ። አንድ ሌሊት አንዱ ታጋይ እየተገፋ ክቡ ጠርዝ ላይ ደረሰ። ጠርዙ ውስጡ አፈር የተጠቀጠቀ የገለባ ጥቅል ነው። ተረከዙ ገለባው ላይ ነው፤ ከኋላው ምንም የለም። ከፊቱ ግዙፍ ሰው ተጭኖታል። አለቀለት አልኩ።

አላለቀለትም። ማዋሺ የሚሉትን የሰውየውን መታጠቂያ ጨምድዶ ይዞ ወደ ኋላ ተለጠጠ። ሆዱ ላይ አነሳው። ዘወር አለና ከክቡ ውጪ ወረወረው። እሱም አብሮ ወደቀ።

ደጋግሜ አየሁት። ያስደነቀኝ ጉልበቱ አይደለም። ገለባው ላይ ከመድረሱ በፊት ወገቡን ዝቅ አድርጎ ነበር። እየተገፋም እየተዘጋጀ ነበር ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ቢቆም ኖሮ በቀላሉ ይወጣ ነበር።

የጃፓን ሱሞ ማኅበር ስም የሰጣቸው 82 የማሸነፊያ መንገዶች አሉ፤ ኪማሪቴ ይባላሉ። በብዛት የሚሰማው ዮሪኪሪ ነው፤ መታጠቂያ ይዞ፣ ደረት ለደረት ገፍቶ ማስወጣት። ኡቻሪ ግን ብርቅ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሆኖ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ የሚገፋውን ሰው ዘወር ብሎ ከክቡ ውጪ መወርወር። ቃሉ የመጣው «ኡቻሩ» ከሚል ግስ ነው፤ ወዲያ መጣል ማለት ነው። ይሄን ሳውቅ ደስ አለኝ። እኛም እኮ ትግል ላይ «ጣለው» እንላለን፤ የማንፈልገውንም ዕቃ እንጥላለን። አንድ ግስ ነው።

ወደዚያ ሌሊት ልመልሳችሁ። ሁለቱም ወድቀዋል፤ ማን ቀደመ? ጥቁር የለበሱት አምስት ዳኞች ክቡ ላይ ወጥተው መከሩ። እዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ቃል አለ፤ ሺኒታይ፣ የሞተ ገላ። ሚዛኑን ስቶ መመለስ የማይችል ታጋይ፣ መሬት ባይነካም እንደ ተሸነፈ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ማን ቀድሞ ነካ ብቻ አይደለም። ያ ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰውነት በሕይወት ነበር ወይ ነው።

ሁለቱ ታጋዮች ጀርባቸው ላይ አሸዋ እንደተለጠፈ ቆመው ይጠብቃሉ። እኔም አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ዳኞቹ ወረዱ። ከዚያ በድምፅ ማጉያው ያን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ኡቻሪ።